ብዙ የሄደ፣ ብዙ የተነካካ፦ ያገለገለ አይሱዙ ከመግዛትዎ በፊት

ወረታ ላይ ሩዝ የሚነግድ ሰው ጥቂት ጥሪት ሲቋጥር ሐሳቡ ወደ መኪና መሄዱ አይቀርም። ኩንታሉን በሰው መኪና እያስጫነ ትርፉን ለኪራይ ከመገበር የራሱን መኪና ይዞ መንገድ መውጣት ይሻላል ይላል። አዲስ መግዛት ስለማይቃጣ ዓይኑ የሚያርፈው ያገለገለ አይሱዙ ኤንፒአር ላይ ነው። ደላላው ደግሞ ሁለት ነገር ይነግረዋል፦ «ብዙ አልሄደም»፣ «ጉልበቱ አይጣል ነው»። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ይጠራጠርና በሁለተኛው ይደሰታል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ብዙ መሄዱ ያን ያህል አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣ አለማወቅ ነው።

መኪናው ለምን ይህን ያህል እንደሚፈለግ የፎገራ ሰው አስረጂ አያሻውም። የፎገራዋ ወረታ መገናኛ ናት፤ አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር፣ ሌላው በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ ይሄዳል። ሩዝ የሚፈተገውም ደረቅ ወደቡ ያለውም እዚሁ ነው። ለዚህ ሁሉ ጭነት አይሱዙ ልኩ ነው፤ ከትልቁ መኪና ያነሰ ናፍጣ ይጠጣል፣ ጠባብ መንገድ ይገባል፣ መለዋወጫው በየከተማው ይገኛል፣ የማያውቀው መካኒክም የለም። ፍጥነቱና አደጋው ተደማምሮ «አልቃይዳ» የሚል ስም አሰጥቶታል። ስሙ የመኪናው ሳይሆን የአነዳዱና የአጫጫኑ ነው ባይ ነኝ፤ ሆኖም ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚል አይጠፋም።

ዋጋውም አልቀመስ ብሏል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አገልግለው በሚገቡ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫው ዋጋ አብሮ ተተኮሰ። በዚህ የተነሳ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥርም አንድ ነገር ይጨመርበታል፣ አንድ ነገር ይቀነስበታል። አሁን እርስዎ ፊት የቆመው መኪና ጃፓን ከሠራችው ጋር በስም ብቻ ሊመሳሰል ይችላል።

ስለ ኪሎ ሜትሩ ቶሎ ብለን እንጨርስ። ከወረታ አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል 620 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚመላለስ መኪና በሳምንት 2,480 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ለጥገና ሁለት ሳምንት ብንተውለትም በዓመት 124,000 ይሆናል። መንገድ ሲዘጋ የሚቆምባቸውን ወራት አስበን በግማሽ እንኳ ብንቀንሰው፣ የ15 ዓመት መኪና ከ900,000 በላይ መሄድ አለበት። ዳሽቦርዱ ላይ 180,000 የሚል ቁጥር ካዩ እንግዲህ በዚህ በተቀነሰው ስሌት እንኳ የሦስት ዓመት ገደማ ሥራ ብቻ ነው የሚያሳይዎት። ወይ ቆጣሪው ቆሟል፣ ወይ ተለውጧል፣ ወይ ዞሮ እንደገና ከዜሮ ጀምሯል። ከሻጩ ጋር በዚህ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ ተበልቶ ብረቱ ከታየ፣ መሪው በእጅ ብዛት ከተላጠ፣ የሾፌሩ በር ሲከፈት ወደ ታች ከወረደ፣ መኪናው ብዙ ሄዷል፤ አለቀ።

ብዙ መሄድ የማያስፈራው ለምንድን ነው? በመሄድ የሚያልቀው ነገር በአብዛኛው የሚለወጥ ነገር ስለሆነ ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ በብዛት የምናገኛቸው ሁለቱ ሞተሮች፣ 4.3 ሊትሩ 4ኤችኤፍ1 እና 4.6 ሊትር ገደማ የሆነው 4ኤችጂ1፣ ሲሊንደራቸው የሚለወጥ ካሚቻ አለው። ሞተሩ ይወርዳል፣ ካሚቻው፣ ፒስተኑ፣ ፋሻውና ብሮንዚኑ ይለወጣል፣ ኮሎው ይስተካከላል፣ ሥራው በደንብ ከተሠራ ሌላ ብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ካምቢዮም እንዲሁ ነው። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ በልኩ ተጭኖ ብዙ የሄደ መኪና፣ ጥቂት ሄዶ ከልክ በላይ ከተጫነው ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ወረታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ ሩብ ያህል ይሳሳል። ናፍጣ ያለ አየር አይቃጠልም። ተርቦ የሌለው ሞተር በየዙሩ የሚስበው አየር በክብደት ስላነሰ ጉልበቱም በዚያው ልክ ያንሳል። ዳገት ላይ የሚያቃስተው ታሞ ሳይሆን አየር አጥሮት ነው። ባለቤቱ ግን ይህን በሽታ ነው ብሎ መካኒክ ዘንድ ይወስደዋል፤ መካኒኩም የናፍጣ ፓምፑን ከፍ አድርጎ ይሰጠዋል። መኪናው ለጊዜው ይነሳል። አየሩ ግን አልጨመረም፤ የተጨመረው ናፍጣ ብቻ ነው። ከፊሉ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ከፊሉ ዘግይቶ እየተቃጠለ የጭሱን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ ፒስተኑና ቫልቩ ይጎዳሉ። «ጉልበቱ አይጣል ነው» ከሚባሉት መኪኖች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ጉልበት ያገኙ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ ተርቦ መግጠም ነው። ይህ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ለደጋ አገር እንዲያውም ትክክለኛው መፍትሔ ነው፤ የጎደለውን አየር ገፍቶ ያስገባልና። ጥያቄው ሞተሩ ለተርቦ የተሠራ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ለተርቦ የተሠራ ሞተር ፒስተኑ የበለጠ ግፊት እንዲችል ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ የዘይቱና የማቀዝቀዣው ዝግጅትም ለዚያ የታሰበ ነው። ያለ ተርቦ ለመሥራት የታሰበ ሞተር ላይ ከሌላ መኪና የተፈታ ተርቦ በብየዳ ሲገጠምበት ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን ቶሎ ይበላል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ይግላል፣ ራዲያተሩ ውኃ ይተፋል። ስለዚህ ተርቦ ካዩ «አለው ወይ?» ብለው አይደሰቱ፤ «ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁ። ሙሉው ሞተር ከነተርቦው ተለውጦ የገባ ከሆነና ቁጥሩ በመዝገብ ከተስተካከለ ጥሩ ነው። ከውጭ የተለጠፈ ከሆነ ዋጋ የሚያስጨምር ሳይሆን የሚያስቀንስ ነገር አድርገው ይቁጠሩት።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ይበቃል። ሻጩ ሳያውቅ ማለዳ ይድረሱና ሞተሩ ላይ እጅዎን ያሳርፉ። ሞቅ ካለ ቀድሞ ተነሥቶ ነበር ማለት ነውና በሌላ ቀን ይመለሱ። ቀዝቃዛ ሞተር ስንት ጊዜ ተፈትሎ እንደሚነሣ፣ ሲነሣ ምን ዓይነት ጭስ እንደሚያወጣ ይመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይተው ከሆነ ውኃ እየገባ ወይም ናፍጣው በደንብ እየተቃጠለ ስላልሆነ ነው፤ ጥቁሩን ከላይ አይተነዋል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ። ጭስ እየተገፋ እንደ ምጣድ የሚተን ከሆነ ፋሻው አልቋል። ክዳኑ ውስጥ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ከተለጠፈ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል።

ከዚያ ጭነት ይጫኑበትና የደብረ ታቦርን ዳገት ይውጡ። ባዶ መኪና ሁሉም ይወጣል፤ ባዶ መሞከር ራስን ማታለል ነው። በዓለም በር በኩል ሽቅብ ሲጓዙ አንድ ዓይንዎ የሙቀት መለኪያው ላይ፣ አንድ ዓይንዎ በመስታወት ጭሱ ላይ ይሁን። መለኪያው ቀስ እያለ ወደ ቀይ ከሄደ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ናፍጣ እየተጋተ ነው፣ ወይ ራዲያተሩ ታፍኗል። እኛ አገር ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የተለየ ምክንያት አለው። ሩዝ መፈተጊያ ደጃፍ ሲጫን የሚውል መኪና ገለፈትና ብናኝ ይስባል፤ ብናኙ ከዘይት ጋር ተጣብቆ የራዲያተሩን ዓይን ይደፍነዋል። ይህኛው በውኃ ይታጠባል፤ እንዲያውም ዋጋ ለመቀነስ ጥሩ ሰበብ ነው። ፊተኛው ግን በውኃ አይታጠብም።

ከሞተሩ የባሰው ጉዳይ ሻንሲው ነው። ነጋዴ አንድ ኩንታል በጨመረ ቁጥር ትርፍ ይታየዋልና ባሌስትራ ይደርባል፣ ስፖንዳውን ከፍ ያደርጋል፣ አንዳንዱ ሻንሲውን ቆርጦ ያስረዝማል። ባሌስትራ መደረብ መኪናው እንዳይጎብጥ ያደርጋል እንጂ የመሸከም አቅሙን አይጨምርም። መጉበጡ «በቃኝ» የሚልበት ቋንቋው ነበር፤ የተደረበው ባሌስትራ አፉን ይዘጋዋል። ክብደቱ ግን አልጠፋም፤ ወደ ሻንሲው፣ ወደ ሞዞው፣ ወደ ጎማው ይሄዳል። ሊብሬው ላይ 50 ኩንታል የተጻፈለት መኪና 80 ሲጭን ፍሬኑ ያው የ50ው ፍሬን ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ዓባይ በረሃ ላይ ማስላት ይቻላል። ከደጀን ወይም ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ከነጭነቱ 8 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 3 ሊትር ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል የሚሰጠውን ሙቀት ያክላል። ጭነቱ 30 ኩንታል ሲጨመርበት ከ4 ሊትር ያልፋል። ያን ሙቀት ሞተሩ በከባድ ማርሽ ካልያዘው መዋጥ ያለበት ፍሬኑ ነው። ሸራው ሲግል መያዝ ያቆማል፣ የፍሬን ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው አደጋ ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለበትም። ጉልበት የተጨመረለት መኪና ማቆሚያው ካልተጨመረለት ግማሽ ሥራ ነው፤ የጭስ ፍሬኑ ተነቅሎ ከተጣለ ደግሞ ግማሽም አይሆንም። ከደብረ ታቦር ሲመለሱ ይህን ይሞክሩ፤ ቁልቁለቱን ጨርሰው ሲቆሙ በአራቱም ጥግ ያለውን የቸርኬ ሙቀት እጅዎን ጠጋ አድርገው ይለኩ። አንዱ ብቻ የሚፋጅ ወይም አንዱ ብቻ የቀዘቀዘ ከሆነ ፍሬኑ እኩል አይዝም።

ሻንሲ ላይ ብየዳ ሲያዩ ግን እጅዎን ከኪስዎ አያውጡ። የጭነት መኪና ሻንሲ እንዲለመጥ ተደርጎ የተሠራ ብረት ነው፤ በየጉድጓዱ ትንሽ እየተጠማዘዘ ነው የሚኖረው። ብየዳ ያንን ብረት በሙቀት ይለውጠዋል፣ ልምጠቱም እዚያው ጠርዝ ላይ ይከማቻል። በመሐንዲሶች ስሌት ብየዳ ላይ የሚያርፈው ውጥረት በእጥፍ ሲጨምር ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። የመኪና አምራቾችም የሻንሲውን የላይና የታች ከንፈር መብሳትም መበየድም አይፈቅዱም። መኪናው ሥር ገብተው በባትሪ መብራት ሁለቱን ረጃጅም ብረቶች ከካቢናው ኋላ እስከ ጭራው ይከተሉ። አዲስ ጥቁር ቀለም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ካለ ይፋቁት፣ በመዶሻ መታ መታ እያደረጉ ድምፁ የሚለወጥበትን ያዳምጡ። ከውስጥ በሌላ ላሜራ የተደገፈ ካለ «ለምን?» ብለው ይጠይቁ። የካርዳኑ ዘንግ የተቀጠለ ከሆነ ሻንሲው ተራዝሟል። ሥርዓት የሌላቸው ብዙ ቀዳዳዎች በጎንና በጎን ካዩ ደግሞ መኪናው በአንድ ዘመኑ ቅጥቅጥ ሆኖ ሰው ጭኖ ሊሆን ይችላል፤ የተሳፋሪ ቤቱ ተነቅሎ ወደ ጭነት የተመለሰ። ይህ ሁሉ ታሪክ መኪናው ከመቀባቱ በፊት ይታይ ነበር።

ፎገራ ላይ ሌላም የምንፈራው ነገር አለን፤ ውኃ። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ሜዳው ባሕር ይሆናል። ናበጋና ዋገጠራ አካባቢ የቆመ መኪና እስከ ካቢናው ወለል ሊጠልቅ ይችላል። በጋ ላይ ታጥቦ ሲሸጥ ምንም አይመስልም። በካምቢዮና በዲፈረንሻል መተንፈሻ በኩል የገባ ውኃ ግን እዚያው ይቀመጣል። የሁለቱንም ዘይት ጥቂት አስፈትተው ይዩት፤ ከነጣ ውኃ አለበት። የወለሉን ምንጣፍ ያንሡ፣ የፊውዝ ሳጥኑን ይክፈቱ፣ የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ ጫፉ ይሳቡት። እዚያ የቀረ መረሬ አፈር ሲደርቅ አመድ መስሎ እንደሚታይ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ኤሌክትሪክ ሽቦው ውስጥ የገባ ውኃ ዓመት ቆይቶ በሌሊት መንገድ ላይ መብራት የሚያጠፋ ጠላት ነው።

መካኒኩን እርስዎ ይዘው ይሂዱ፤ ደላላው የሚያመጣው የደላላው ነው። ከመሄዳችሁ በፊትም በድካሙ ዋጋ ተስማሙና መኪናው ተገዛም አልተገዛም እንደሚከፍሉት ይንገሩት። ያኔ «ተወው» ለማለት አይሳሳም።

ወረቀቱ የመጨረሻ ሥራ ይመስላል፤ እኔ ግን መኪናውን ከመሞከር በፊት ባደርገው እመርጣለሁ፤ ናፍጣውም ይተርፋል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪናን ከመዝገቡ ጋር ያስተሳስረዋል። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ላይ በራስዎ ዓይን ያነጻጽሩ፤ ቁጥሩ የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም ሌላ ፊደል የሚመስል ከሆነ ውሉን አይጻፉ። ሞተሩ ተለውጦ መዝገቡ ካልተለወጠ፣ ያ ሞተር ከየት እንደመጣ የሚጠየቁት እርስዎ ይሆናሉ። ቦሎው የዘንድሮ መሆኑን፣ የሦስተኛ ወገን መድን መኖሩን ይዩ፤ የባንክ እግድ እንዳለበትና እንደሌለበትም መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው ይጠይቁ። በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ መኪና በስሙ የተመዘገበው ሰው ካልተገኘ ለእርስዎም በውክልና ይቀራል።

ውል ሲጻፍ ደግሞ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቸልታ አይፈርሙት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ እንደሆነ ያስቀምጣል፤ ገዢውም በተረከበ ጊዜ መመርመርና ያገኘውን ጉድለት ሳይውል ሳያድር ማሳወቅ አለበት። የተነካካውን ነገር ሁሉ፣ ተርቦውን፣ የተራዘመውን ሻንሲ፣ የተለወጠውን ሞተር፣ ሻጩ በውሉ ላይ በስሙ ይጥቀስልዎ። እውነት የሚናገር ሻጭ ይህን አይፈራም።

ዋጋው እንዲህ ይሰላል። የዚያው ዓመት ምርት የሆነ፣ ያልተነካካ ኤንፒአር ስንት እንደሚሸጥ ባሕር ዳርም ጎንደርም ይጠይቁ። ከዚያ ላይ ይህን መኪና ወደ ተፈጥሮው ለመመለስ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይቀንሱ፤ ፓምፑን ማስተካከል፣ ኖዝሉን መለወጥ፣ ፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን፣ ጎማ። አሮጌ መኪና ከተገዛ በኋላ ጋራዥ የሚገባበትን ገንዘብም ያስቀሩ፤ ያለ ጥሪት የተገዛ መኪና በሁለተኛው ወር ቆሞ ዕዳ ይከፍላል። ሻጩ «ለተርቦው ይህን ያህል ጨምር» ካለዎት እርስዎ ደግሞ «ለተርቦው ይህን ያህል ቀንስ» ይበሉት። የሩዝ ምርት በሚገባበት በኅዳርና በታኅሣሥ የጭነት መኪና ፈላጊ ስለሚበዛ ሻጩ እሺ ላይልዎት ይችላል፤ ከቻሉ ከዚያ በፊት ይግዙ።

ሞተሩ ደክሞ ሻንሲው ንጹሕ፣ ወረቀቱ ደግሞ የተስተካከለ መኪና ካገኙ፣ ቆጣሪው የፈለገውን ቢል ይግዙት። ሻንሲው ተቆርጦ የተበየደ፣ ወይም ቁጥሩ ከሊብሬው የማይገጥም ከሆነ ግን ሞተሩ እንደ አንበሳ ቢያገሳም፣ ዋጋው በግማሽ ቢወርድም፣ ቀብድ አይክፈሉ።